የሩዝ ድፎ

የመረመረኝ ሐኪም ወጣት ነበር። በአፌ ቱቦ አስገብቶ ከአንጀቴ ቆንጥሮ የወሰደውን ናሙና ወደ አዲስ አበባ ላከው። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አንብቦ ጨረሰና እንደገና ከላይ ጀመረው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስንዴ በአፍዎ እንዳይገባ" አለኝ። "ገብስም አጃም ያው ነው። አንጀትዎን የሚያቆስለው እሱ ነው።"

"እስከ መቼ?" አልሁት።

"ዕድሜ ልክ።" ፊቴን አይቶ ሊያጽናናኝ ፈለገ መሰለኝ። "ግን እድለኛ ነዎት። ፈረንጆቹ ይህ ሕመም ሲይዛቸው የእኛን ጤፍ ነው በመከራ የሚያስመጡት። እርስዎ ቤትዎ አለ።"

እድለኛ መሆኔን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

ያ ልጅ ያላወቀው ነገር ነበር። ባሕር ዳር፣ በእኛ ሰፈር፣ እኔ የምታወቀው በድፎ ዳቦ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ቤት ተቀጠርሁ፤ ጡረታም የወጣሁት ከዚያው ነው። ነገር ግን "መዝገብ ቤት የነበረችው" ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሰምቼ አላውቅም። "ድፎ የምትጋግረው" ነው የሚሉኝ። ለክርስትና፣ ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለሙት ዓመት ሰው ስንዴውን አስፈጭቶ ያመጣልኛል፤ እኔ አቡክቼ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍኜ፣ ከታችም ከላይም ፍም አድርጌ አበስልለታለሁ። ትልቁን የብረት መጋገሪያዬን ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። ቅጠሉ ሲገለጥ ዳቦው የቅጠሉን መስመር በጀርባው ይዞ ይወጣል። ያን ለማየት ሰው ከማድ ቤት እስከ ሳሎን ይከተለኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ የጠፋብኝ ምን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

ከምርመራው በፊት ለረጅም ጊዜ ከስቼ ነበር። ቀሚሶቼ የሌላ ሰው መሰሉ። ሆዴ ይነፋል፤ የበላሁት አይረጋልኝም። ሰፈሩ በየራሱ ምክንያት ሰጠው። አንዷ ካንሰር ነው አለች፣ አንዷ ያ ሌላው በሽታ ነው ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች። በመድኃኒቱ ላይ ግን ሁሉም ተስማሙ። የታመመ ሰው በገብስ ይበረታል ብለው በሶ አመጡልኝ። የገብስ ገንፎ በቅቤ አመጡልኝ። የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ አመጡልኝ። ሲብስብኝ ይጨምራሉ፤ ሲጨምሩ ይብስብኛል። የሚወዱኝ ሁሉ እየተፈራረቁ፣ እያመሰገንኋቸው፣ ሊገድሉኝ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

ከሁሉም በላይ ያበሉኝ እትዬ ናቸው። እትዬ የምላቸው የሟች ባለቤቴን ታላቅ እህት ነው። እሳቸውም ባላቸው ሞቶባቸዋል። በአንድ ግቢ፣ በሁለት ቤት፣ በአንድ ማድ ቤት ነበር የምንኖረው። ሐኪሙ ያለኝን ስነግራቸው የበሶውን ኩባያ ይዘውልኝ መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር።

"እና ይህን ሁሉ ጊዜ ያበላሁሽ መርዝ ነው በይኛ" አሉ።

"እንደሱ አላልሁም።"

"ሐኪሙ ብሏላ።"

"ሐኪሙም መርዝ አላለም።"

"ታዲያ ምን አለ?"

እትዬ በሶውን ደጅ ደፍተው፣ ኩባያውን አጥበው፣ ገልብጠው አስቀመጡት። ከዚያ ቀን በኋላ ሕመሜ በእሳቸው ዘንድ ስድብ ሆነ። ይባስ ብሎ ስንዴና ገብስ በተውሁ በጥቂት ወራት ሥጋ ለበስሁ። ጉንጬ ሞላ። ሰው ባየኝ ቁጥር "አማረብሽ፣ ምን አገኘሽ?" ይለኛል፤ እትዬ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ።

መጋገሩን ግን ተውሁ። ዱቄት ሲነፋ የሚቦነው አፌ ይገባል። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ልጅ ክርስትና እምቢ ማለት አፍሬ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ ጋገርሁ፤ ከዚያ አልጋ ላይ ነው የዋልሁት። መጋገሪያውን አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ፣ አልጋዬ ሥር ከተትሁት። ሰው ለአንድ ሰሞን አዘነልኝ። ከዚያ ዳቦ ቤት አገኘ።

የቀረኝ ማኅበሩ ነበር። የሴቶች የማርያም ጽዋ ማኅበር አለን፤ በየወሩ በተራ እንዘክራለን። ተራ የደረሳት ድፎ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ ትጠብቃለች። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይቆርሳሉ። ከዚያ ቁራሽ ያልቀመሰች አባል መጣች አይባልም። ደጋሿ ደግሞ ከሁሉም ፊት ትቀምሳለች፤ ከራሷ ዳቦ ያልበላች ሴት ዝክር እንደ ዝክር አይቆጠርላትም። እኔ ቁራሼን ተቀብዬ፣ ተሳልሜ፣ በነጠላዬ ጫፍ መቋጠር ጀመርሁ።

"ምነው፣ እጃችን ቆሸሸብሽ?" አለች አንዷ በመጀመሪያው ቀን።

"የሐኪም ትእዛዝ ነው" አልሁ።

"እኔንስ እንዲህ የሚያወፍር በሽታ ለምን አይዘኝም?" አለች ሌላዋ፣ የማኅበሩ ነገረኛ። ሳቁ። እትዬም ሳቁ።

ጠላውንም ብቅሉ ገብስ ነውና አልነካም። ውሃ ይዤ እቀመጣለሁ። ውሎ አድሮ ሳቁ ቀረና ሹክሹክታ መጣ። ዳቦ አትበላ፣ ጠላ አትጠጣ፣ ሌላ ቦታ ጸሎት ጀምራ እንዳይሆን ተባለ። ስለ ሥጋ ወደሙ ከንስሐ አባቴ ጋር የተነጋገርነው የሁለታችን ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። ስለ ዝክሩ ግን ጠይቄያቸው፣ "ስንዴ የግድ የሚሆነው ለመቅደሱ ነው። ለዝክር ያለሽን ነው፤ ዳጉሳም ቢሆን" አሉኝ። እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። እኔ እንደ ቀልድ አልወሰድሁትም።

ተራዬ እየቀረበ ነበርና ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ወይ ራሴ የምበላውን ድፎ ጋግሬ ተራዬን አወጣለሁ፣ ወይ ከማኅበሩ እወጣለሁ። ከማኅበሩ ከወጣሁ ከቤቴ የምወጣበት ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

"ተራሽን ለእኔ ልቀቂው" አሉኝ እትዬ። "ከአንድ ግቢ አንድ ድፎ ይበቃል።"

"አልለቅም እትዬ።"

"ምን ልትጋግሪ ነው ታዲያ? ጭቃ?"

በጤፍ ጀመርሁ። የስንዴ ሊጥ እጅን ይዞ ይለጠጣል፤ ሲመቱት ይመልሳል። የጤፉ የተቀመጠበት ተቀምጦ ቀረ። እንደ ስንዴው አድርጌ አሸሁት፣ እንደ ስንዴው አሳደርሁት፣ እንደ ስንዴው እሳት ላይ ጣድሁት። የወጣው ነገር ቢላ አላስገባ አለ። ዳቦ ቆሻሻ ላይ መጣል ልማዴ ስላልሆነ በጨርቅ ጠቅልዬ ለዓሣ ልስጠው ብዬ ሐይቁ ዳር ይዤው ሄድሁ። ስጥለው ጡብ እንደሚወድቀው ወደቀና ሰመጠ። ጀልባ የሚጠርጉ ጎልማሶች ያዩኝ ነበር።

"እማማ፣ መልሕቅ ነው?" አለ አንዱ።

ቤት ገብቼ ይህን ለእትዬ በመንገሬ ተቆጨሁ። "አምባዛው ጥርሱ እንዳይወልቅ" አሉ፤ ለሰፈሩም አደረሱት።

በቆሎ ሞከርሁ፤ እንደ አሸዋ ፈረሰ። ማሽላ ሞከርሁ፤ ውስጡ ጥሬ ላዩ ከሰል። ከሁሉ የከፋው ግን ጤፍ ብቻ እየበላሁ መልሶ መታመሜ ነበር። ሐኪሙ "ስንዴ እየሰረቁ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ምክንያቱን ያገኘሁት ወፍጮ ቤት ቆሜ ስጠብቅ ነው። ወፍጮኛው የጤፌን ጆንያ ደቅኖ፣ ከእኔ በፊት ካስፈጨው ሰው ስንዴ ከድንጋዩ ሥር የቀረውን አንኳኩቶ በእኔ ዱቄት ላይ አወረደው።

"ምን አደረግህ?" አልሁት።

"ምርቃት ነዋ እማማ። ለእርስዎ ሳላደርግ የቀረሁበት ቀን አለ?"

እውነቱን ነው፤ አልነበረም። ለሌላው ጠርጎ ለራሱ የሚያስቀረውን ነጭ ዱቄት ለእኔ እየመረቀልኝ ኖሯል። የቀድሞዋን ድፎ ጋጋሪ ስለሚያከብር ነው። አመስግኜው ወጣሁ፤ ዱቄቱን ለዶሮ ሰጠሁት።

ወረታ ላይ ከሩዝ በቀር የማይፈጭ ወፍጮ እንዳለ የነገረችኝ ገበያ ውስጥ ሩዝ የምትቸረችር ሴት ናት። መንገዱ ሲዘጋ ቆይቶ በተከፈተ ሰሞን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ። ሐሙሲት ላይ ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ አንድ ጧት አስፈጀን። የወፍጮዋ ባለቤት በዕድሜ ከእኔ በብዙ የምታንስ ሙስሊም ነጋዴ ናት፤ ቤተሰቧ ከአባቷ ጀምሮ እህል ይነግዳል።

"ስንዴ ገብቶበት ያውቃል?" አልኋት።

"እዚህ ስንዴ ማን ያመጣል? ከሩዝ ሌላ የበላው የእኔን ጥፍር ነው" ብላ ጣቷን አሳየችኝ።

"ዳቦ ልጋግርበት ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "የሩዝ ዳቦ? እናቴ፣ ሩዝ እኮ እንደ ጎረቤት ነው፤ አንዱ አንዱን አይዝም። ወላሂ ዳቦ ከሆነልዎ ወፍጮውን በስምዎ አዛውራለሁ።"

ዱቄቱን ታቅፌ ስመለስ ያለችው ነገር አብሮኝ ተሳፈረ። አንዱ አንዱን አይዝም። ስንዴ ራሱን በራሱ ይይዛል፤ ሩዝ የሚይዘው ያስፈልገዋል። እኔ ሩዙን እንደ ስንዴ ልገዛው ነበር የማስበው። ለእንጀራ ሊጥ ምን እናደርጋለን? ከሊጡ ቀንሰን አብሲት እንጥላለን፤ የበሰለው ጥሬውን ይይዘዋል። ለዳቦ ይህን ያደረገ ሰው አላውቅም፤ ስንዴ ስለማይፈልገው ማንም አላሰበውም። ከሩዙ ዱቄት ከፍዬ በፈላ ውሃ አብሲት ጣልሁ። ተልባ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በሙቅ ውሃ ነክሬ እስኪያሙለጨልጭ አቆየሁት። ሁለቱን ከቀረው ዱቄት ጋር ደባለቅሁ፤ እርሾ ጨመርሁ፤ ጥቁር አዝሙድ በተንሁበት። ማሸቱን ትቼ በእጄ መዳፍ መታሁት፣ እንደ እንቁላል። ከዚያ በትንሿ ድስት አሳደርሁት።

ጧት ክዳኑን ሳነሣ ኩፍ ብሎ ጠበቀኝ።

ብዙ አይደለም፤ የጣት ያህል ነው ከፍ ያለው። ላዩ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ አውጥቶ ይተነፍሳል። በኮባ ሸፍኜ ጋገርሁት። ቅጠሉን ስገልጠው መስመሩ ወጥቷል። ሳይበርድ ቆረስሁት፤ ውስጡ ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ይያዛል። ቆሜ በላሁት። ግማሹን ጨርሼ ሳለ በማድ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅሁ እንደሆነ ሰማሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ድምፄን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እትዬ መጥተው ቀመሱ። ረጅም ጊዜ አላመጡት። "ለበሽተኛ ደኅና ነው" አሉ።

ለወፍጮዋ ባለቤት ቁራሽ ይዤላት ሄድሁ። በልታ ሌላ ጠየቀችኝ።

"ወፍጮውስ?" አልኋት።

"ወፍጮው የባሌ ነው፤ እሱን ይጠይቁ።"

የቀረኝ መጠኑ ነበር። የዝክር ድፎ አንድ ወጥ፣ ትልቅ መሆን አለበት፤ ቄሱ በመስቀል ምልክት የሚቆርሱት እሱን ነው። በትንሿ ድስት የቆመው ሊጥ በትልቁ መጋገሪያ መካከሉ ይሰምጥ ነበር። እሳቱን ቀነስሁ፣ ተልባውን ጨመርሁ፣ አብሲቱን አወፈርሁ። በየጊዜው ዳሩ ይቆማል፣ መካከሉ ይወርዳል። እትዬ በማድ ቤቱ በር እያለፉ ያያሉ። "ጉድጓድ ቆፈርሽ" ይላሉ፤ ይሄዳሉ። ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥሁም። እውነት ለመናገር እነዚያን የሰመጡ ዳቦዎች የጋገርሁባቸው ሳምንታት ከብዙ ዓመት ወዲህ ያየኋቸው የተሻሉ ሳምንታት ነበሩ። ጧት የምነሣው ሊጥ ለማየት ነበር።

በዋዜማው ሊጡን በትልቁ ቡሃቃ አዘጋጅቼ፣ ሸፍኜ፣ ኮባ ለመግዛት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። እዚያ ጓሯቸው ኮባ የሚተክሉ ደንበኞች አሉኝ። "እትዬ፣ ዓይንዎን ይጣሉልኝ" ብያቸው ነው የወጣሁት። ቅጠሉን መርጬ ስመለስ ሊጡ ወደ ቡሃቃው አፍ ቀርቦ ነበር። እጄን ከተትሁ። ሊጡ እጄን ይዞ ተከተለኝ።

ሩዝ እጅ አይከተልም። ዕድሜዬን ሙሉ ስንዴ ያቦካ እጅ ነው ያለኝ፤ እጄ ያን ጊዜውኑ አወቀ። እኔ ግን ተልባው ነው አልሁ። ዛሬ ያዘልኝ፣ ማርያም አየችኝ አልሁ። እጄን አውጥቼ ታጠብሁና ወደ መጋገሪያው ገለበጥሁት።

ድፎው እስከ ክዳኑ ወጣ። ጀርባው ቀላ፣ መስመሩ ወጣ፣ መካከሉ ቆመ። በማግሥቱ ቄሱ ሲቆርሱት "ከምን ተጋገረ አልሽኝ?" አሉ። "ከሩዝ" አልሁ። ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹ ተነጣጠቁት።

"ይህ በሽታሽ ለእኛም ይጋባልን" አለች ያችው ነገረኛ።

"ዳቦ ቤቱ ይዘጋ እንግዲህ" አለች ሌላዋ።

እትዬ ፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጡት። ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። "ብይ እንጂ" አሉኝ። "ጨምሪ። የራስሽ እጅ ነው።" ጨመርሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ከሁሉም ጋር አንድ ዓይነት ዳቦ በላሁ። ሳቅሁም። እትዬ ያንንም አዩ።

ማታውን ጀመረኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። በሦስተኛው ቀን እትዬ አጥሚት ይዘው ገቡ። የምን አጥሚት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ አልነካሁትም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲህ ልንገርሽ" አሉ። "ስንዴ ጨምሬበታለሁ። ግማሽ በግማሽ ይሆናል።"

ጣራውን አየሁ።

"ሲሰምጥ እያየሁ ዝም ልበል? የሚሳቅበት እኮ የወንድሜ ቤት ነው። ደግሞ እውነቱን ልወቅ ብዬ ነው። ስትበዪ አይቼሻለሁ። እየሳቅሽ ነው የበላሽው። ምንም አልሆንሽም።"

"አሁን የተኛሁትስ?"

"አሁንማ ስለነገርሁሽ ነው።"

"ሳይነግሩኝ ነው ሦስት ቀን የተኛሁት እትዬ።"

"እንግዲህ እኔ ሐኪም አይደለሁ" ብለው አጥሚቱን ይዘው ወጡ።

ለማንም አልተናገርሁም። በተዘከረ ዳቦ ላይ ባለቤቷ ሳታውቅ እጅ ማስገባት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ከተሰማ ያዋርዳል፤ ከማኅበር ያስወጣል። እትዬ ደግሞ እንደ እኔ ከማኅበሩ ሌላ ብዙ መውጫ የላቸውም። ይህን አውቅ ነበር። ዝም እንደምልም እሳቸው ያውቁ ነበር።

ዝምታዬ ግን ለእኔ አልሆነኝም። የሩዝ ድፎዬ ስም ወጣለት። "ለልጄ ሠርግ"፣ "ለአባቴ ሙት ዓመት" እያሉ መጡ፤ ያን የበሉትን ነው የሚፈልጉት። የእኔ እውነተኛው ድፎ ይሰምጣል፤ ያን ያህል አያምርም። "አልችልም" እላለሁ፤ "ትችያለሽ፣ በልተነዋል" ይላሉ። ቢጫኑኝ ለአንዷ በትንንሽ ድስት ጋግሬ ሰጠኋት፤ "የለመድነውን ደብቀሽ ይህን ሰጠሽን" አለችኝ። ምስጢሯን ይዛ ልትቀበር ነው ተባለ። እትዬ ይህ ሁሉ ሲባል ይሰማሉ። አንድ ቀን በአጥር ላይ ለጎረቤት "እሷ ድሮም ንፉግ ናት፤ ወንድሜም ይለኝ ነበር" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ባለቤቴ እንደዚያ ብሎ አያውቅም።

በዓመቱ ተራዬ ተመልሶ ደረሰ። በዚህ ጊዜ ሊጤን ከዓይኔ አላራቅሁም። ቡሃቃውን መኝታ ክፍሌ አስገብቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ። የሚሰምጥ መሆኑን እያወቅሁ በትልቁ መጋገሪያ ጋገርሁት፤ ሰመጠም። ዳሩ አራት ጣት፣ መካከሉ ሁለት ጣት የማይሞላ፣ ጠይም ድፎ። ጣዕሙ ግን መልካም ነበር። የእኔ ነበር።

ቄሱ ባርከው ሲቆርሱት ጥጉ ተፈረፈረባቸው። ደንቡ ነውና በመጀመሪያ እኔ ቀመስሁ። ሴቶቹ ቁራሻቸውን ይዘው ያገላብጡ ጀመር። አንዷ በጥርሷ ጫፍ ነካችው። አንዷ በነጠላዋ ልትቋጥረው ስታዘጋጅ አየኋት፤ እኔ የእሷን እንደቋጠርሁት። ያን ጊዜ እትዬ ተናገሩ። ድምፃቸው ርኅራኄ የሞላበት ነበር።

"የአምናው ይሻል ነበር" አሉ። "ምነው ልጄ፣ ዘንድሮ እጅሽ ከዳሽ?"

ቁራሼን አላምጬ ዋጥሁ።

"የአምናውን ያቦኩት እርስዎ ነዎት እትዬ" አልሁ። "እኔ ኮባ ልገዛ ስወጣ ስንዴ ጨምረውበት ነበር፣ ግማሽ በግማሽ። ያማረው ለዚያ ነው። እኔም ከማኅበሩ ማግሥት አልጋ ላይ የዋልሁት ለዚያ ነው። ስታመም መጥተው ነግረውኛል።"

የተናገርሁት ቀስ ብዬ ነው። ውሃ ቅዱልኝ እንደሚባለው ያህል። ቄሱ ዓይናቸውን በእጃቸው ባለው መስቀል ላይ ጣሉ።

"ለስሟ ብዬ ነው" አሉ እትዬ። ዙሪያውን አዩ። "ለስሟ ብዬ ነው እኮ። እንዳይሳቅባት።"

ከዚያ ሁሉ ሴት አንዲት ቃል የተናገረችላቸው አልነበረችም። ይሁን የምትል አንዲት ሴት ብትኖር እኔም ይሁን እል ነበር ብዬ ዛሬ ላይ መጻፍ እችላለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ቄሱን ጠብቄ ነበር፤ ቄሱ፣ "በበረከት ላይ እንዲህ አይደረግም" አሉ፣ ወደ ማንም ሳያዩ። እትዬ ተነሡ። ነጠላቸውን ለመልበስ ጊዜ ወሰደባቸው፤ አንደኛው ጫፍ ከወንበሩ እግር ተይዞ ነበር። የሚያስለቅቅላቸው ሰው አልተነሣም። እኔ ነበርሁ የምቀርበው። እኔም አልተነሣሁም።

ከወጡ በኋላ ሴቶቹ ቁራሻቸውን በሉ። ያቺ ልትቋጥር የነበረችው ፈትታ በላች። ድፎው ደረቅ ያለ ነበር፤ ማስዋጫ ይፈልጋል። ጠላውን ለመቅዳት አልተቻኮልሁም። አንዷ አንዷን ሳታይ እስከ ፍርፋሪው ጨረሱት። ነገረኛይቱ ሳትቀር "ጣዕሙ መልካም ነው" አለች፤ ፈርታኝ ነው። ደስ አለኝ።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ማኅበር አልመጡም። ማድ ቤቱንም ለእኔ ለቀው ከቤታቸው ጀርባ በቆርቆሮ የራሳቸውን ከለሉ። በግቢው ስንገናኝ "እንዴት አደሩ" እላለሁ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ።

አሁን በየቅዳሜው እጋግራለሁ። ትልቁን መጋገሪያ ለማኅበር ብቻ ነው የማወጣው፤ ለራሴ በትንንሽ ድስት ነው፤ እነሱ አይሰምጡም። አንዳንዴ ከአብሲቱ ላይ ሙዝ እደፈጥጥበታለሁ፤ አንዳንዴ በሶብላ። እንደ ስንዴ ላድርግህ ብዬ መታገሌን ከተውሁ ወዲህ ሊጡ ይታዘዘኛል ባልልም እንግባባለን። ከሐኪም ቤት ስሜን ሰምተው የሚመጡ ሁለት ሦስት ታማሚዎች አሉኝ፤ ስንዴ የማይነኩ። እነሱ ሲበሉ ዝም ብዬ አያለሁ።

የእትዬ መስኮት ወደ ማድ ቤቱ ነው የሚከፈተው። ቅጠሉን ስገልጥ ሽታው ይደርሳቸዋል፤ አንዳንድ ቅዳሜ መስኮቱን ይዘጉታል፣ አንዳንድ ቅዳሜ ክፍት ይተዉታል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ራሳቸው መጋገር አይችሉም፤ የሱቅ ዳቦ ያስገዛሉ። ቁራሽ ልላክላቸው ብዬ ያሰብሁበት ቀን አለ። ሳህን አንሥቼም አውቃለሁ። ብልክላቸው እንደሚቀበሉኝ፣ አመስግነውም እንደሚበሉት አውቃለሁ። አልላክሁም።